ክረምት የገባበት ኤሌክትሮድ፦ የአምስት ወር የብየዳ ማስታወሻ

ሰኔ 9

የግቢያችን በር ከታች በኩል ዝጎ ከተበላ ሁለት ዓመት አልፎታል። የጎረቤት ውሻ ያስገባል፣ የእኛን ዶሮ ያስወጣል። እኔም "ቅዳሜ እሠራዋለሁ" እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ዛሬ ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይገባ ልገላገለው ብዬ ማሽኗን አወጣሁ።

ማሽኗ ትንሽ ኢንቨርተር ናት፣ ቀላሏ የኤሌክትሮኒክስ ዓይነት። ፊቷ ላይ 200 አምፔር ይላል። እኔ ግን በደብረ ብርሃን መብራት 120 በቅጡ ስትሰጥ አላየኋትም፤ ማታ ሠፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግርማ ጭራሽ ታቃስታለች። ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው፣ ሽፋን ያለው ዘንግ) ኢ6013 የሚባለው፣ 2.5 ሚሊ፣ ባለፈው ጥር የገዛሁት የ5 ኪሎ ፓኮ ነው። ግማሽ ያህሉ ቀርቷል። ያስቀመጥኩት ከቤት ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ አፉ እንደተቀደደ።

ብረቱ 40 በ40 ቱቦላሬ ነው፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ። አምፔሩን 65 አድርጌ ለኮስኩ። ተንጣጣ። ደህና ኤሌክትሮድ ስጋ ሲጠበስ ዓይነት ወጥ ድምፅ ነው ያለው፤ ይሄ ግን ፈንዲሻ ነው። ፍንጣሪው አንገቴ ድረስ ገባ። ቅርፊቱን በመዶሻ ሳራግፈው ከሥሩ ያለው ብየዳ ዓይን በዓይን ሆኗል። እንጀራ ቢሆን እናቴ ጎረቤት ጠርታ ታሳይበት ነበር።

ሰባት ኤሌክትሮድ አቃጥዬ ተውኩት። ዝናቡም መጣ።

ሰኔ 10

ማሽኗን ጠረጠርኩ። የማሳውን መቆንጠጫ አጸዳሁ (ማሳ ስል ኮረንቲውን ከብረቱ ወደ ማሽኗ የሚመልሰውን የብየዳ ሽቦ ነው፣ የአጎቴ የገብስ ማሳ ሌላ ታሪክ አለው፣ እሱም ይመጣል)። አምፔሩን ከ55 እስከ 85 ወጣሁ ወረድኩ። ኤሌክትሮዱን የሚይዘውን ፒንሳ ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ አዛወርኩ። ብረቱን በግራይንደር እስኪያበራ ፋቅሁት። ፈንዲሻው ያው ፈንዲሻ ነው።

ሰኔ 11

ሠፈራችን ውስጥ መስኮትና በር የሚሠሩ በያጅ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ማሽኔ ሳትሞት አልቀረችም።"

"ማሽንህን ተዋት። ኤሌክትሮዱን የት ነው ያሳደርከው?"

"ዕቃ ቤት።"

"ዕቃ ቤት መሬት ላይ?"

ዝም አልኩ። ሳቁብኝና ከራሳቸው ፓኮ ሦስት መዘው ሰጡኝ። የእሳቸው ማሽን የድሮ ትራንስፎርመር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይግላል፣ ፓኮውም ዘወትር እላዩ ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው "ቦታ ስለሌላቸው ነው" ብዬ አልፌያለሁ።

ቤት መጥቼ በዚያችው ማሽን፣ በዚያው 65 አምፔር፣ በዚያው ቱቦላሬ ላይ ለኮስኩ። እንደ ቅቤ ሄደ። ቅርፊቱም ራሱ ተላጠ።

አንድ ነገርም አሳይተውኛል። ሁለት ሦስት ኤሌክትሮድ በእጅ ይዞ እርስ በርስ ማንኳኳት። የደረቀው ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ የታፈነ ነው፣ እንደተሰነጠቀ ስኒ። የእኔን አንኳኳሁት፣ ስኒ ነው። አተኩሬ ሳየው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል፣ ፒንሳ የሚይዘው ራቁት ጫፍም ዝጓል። ይኼ ሁሉ ምልክት እጄ ላይ እያለ ነው ማሽን ስፈታ የዋልኩት።

ነገሩ ቀላል ነው። የኤሌክትሮድ ሽፋን በሙጫ የተጋገረ ዱቄት ነው፤ ከአየርም ከወለልም እርጥበት ይጠጣል። ሲለኮስ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ ከፊሉም ተበጣጥሶ ሃይድሮጅን ይሆንና የቀለጠው ብረት ውስጥ ይገባል። ብረቱ ሲረጋ መውጫ ያጣ ጋዝ ዓይን ሠርቶ ይቀራል። እኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ጉም ቤት ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ብረት ሁሉ ያልበዋል።

ሰኔ 13

ማድረቅ። 6013 ለመድረቅ ብዙ አይፈልግም፤ 150 ዲግሪ አካባቢ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እኛ ቤት የዳቦ ምድጃ የለም። 150 ዲግሪ የሚያልፍ ነገር አንድ ብቻ ነው።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች እናቴ።

"ኤሌክትሮድ ላደርቅ። ጋግረሽ ስትጨርሺ፣ በትርፍ ሙቀቱ።"

"በምጣዴ?"

"አዎ።"

"እሰየው። ነገ ደግሞ ጫማህን ጥበስበት።"

እውነቷን ነው። ሽፋኑ ውስጥ ምን ምን ማዕድን እንዳለ እያወቅኩ ምግብ የሚጋገርበት ላይ ማጋደም ነውር ነው። ዕቃ ቤት ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ጡረታ የወጣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። እሱን አወጣሁ። መልቲሜትሬ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አላት፣ ሸክላው ላይ አስነካሁ።

ማጥፊያውን ስዘጋው 205 ነበር። ከ10 ደቂቃ በኋላ 170። ያኔ በሁለት በሁለት መደብ ደረደርኩና አክንባሎውን ከደንኩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ስከፍተው 125 ነው። ሸክላ ሙቀት እንዴት እንደሚይዝ እናቶቻችን ድሮ የሚያውቁት ነገር ነው፣ እኔ ዛሬ በመለኪያ ደረስኩበት። ምጣዱ እየበራ ግን ኤሌክትሮድ አታስቀምጡበት፤ ሽፋኑ ከሥር በኩል ይጠቁርና ይሰነጠቃል። አራቱን እንደዚያ አበላሽቻለሁ።

ሦስት ዙር አደረቅሁ። ከ130ዎቹ 23ቱ ሽፋናቸው እየተፈረፈረ ስለወደቀ ተጣሉ። ያበጠና የተሰነጠቀ ሽፋን በእሳት አይመለስም። የቀሩት ሲንኳኩ ጥርት ብለው ጮኹ።

አንዳንዱ በያጅ ኤሌክትሮዱን ብረት ላይ አጣብቆ በኮረንቲው ራሱ እስኪያጨስ ያሞቀዋል። ለአንድ ፍሬ፣ ቸኩሎ ለሚሠራ ሰው ይሆን ይሆናል። እኔ አልወደድኩትም። ሙቀቱን በምን ይቆጣጠሩታል? ማሽኗም ታዝናለች።

ሰኔ 20

በሩ አለቀ። 41 ኤሌክትሮድ ፈጀ። የታችኛው መሻገሪያ ዚንክ የተነከረ የውሃ ቧንቧ ስለነበረ በግራይንደር ዚንኩን ፍቄ፣ ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ሠራሁት። የዚንክ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት ይጠጣበታል የሚለውን እዚህ የማይነግርህ ሰው የለም። ወተቱን እኔም ጠጣሁት፣ ጥሩ ወተት ነበር፣ ጭስ ግን በሳንባ ነው የሚገባው።

ሰኔ 26

ግዢ። ከመሄዴ በፊት ቁጥሮቹን በደንብ ተረድቼ ልሂድ አልኩ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ "ባለ ሁለት ተኩል ስጠኝ" ብቻ ነበር የምለው።

6013 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የብየዳው ጥንካሬ ናቸው፤ 60 ሺህ ፓውንድ በስኩዌር ኢንች። ወደ እኛ ሲመጣ በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ 42 ኪሎ ገደማ መሸከም ማለት ነው። 70 የሚጀምረው 49 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአንዲት ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ ተንጠልጥሎ አስቡት። ሦስተኛው አሃዝ አቅጣጫ ነው፤ 1 ከሆነ በሁሉም አቅጣጫ፣ ቁሞም ተንጋሎም ይሠራበታል፣ 2 ከሆነ ለተኛና ለአግድም ማዕዘን ሥራ ብቻ። የመጨረሻው የሽፋኑን ዓይነትና የሚስማማውን ኮረንቲ ይናገራል።

ስለዚህ "70 ከ60 ይበልጣል፣ 70ውን ልግዛ" የሚለው ነገር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የበርና የመስኮት ቱቦላሬ፣ አንጎላሬ፣ ላሜራ፣ የዶሮ ቤት፣ የውሃ በርሜል ማስቀመጫ፣ ይኼ ሁሉ ተራ ለስላሳ ብረት ነው። በደረቀ 6013 በደንብ ከተበየደ ብየዳው ከብረቱ አያንስም። 6013 በቀላሉ ይለኮሳል፣ ለቀጭን ብረት ይመቻል፣ ትንሽ እርጥበትም ይችላል (ትንሽ!)። በድሮ ትራንስፎርመርም በኢንቨርተርም ይሄዳል። ችግሩ ጠልቆ አለመግባቱና ቅርፊቱ አንዳንዴ ብየዳው ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ ነው።

7018 ሌላ ፍጡር ነው። ሽፋኑ ሃይድሮጅን እንዲያንሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ለወፍራም፣ ለጠንካራ፣ ጭነት ለሚሸከም ብረት። ግን ያ ጥቅሙ ያለው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። የብየዳ ደንቦች ከታሸገበት ከወጣ በኋላ አየር ላይ እንዲቆይ የሚፈቅዱለት 4 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ 120 ዲግሪ በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ካልዋለ በቀር እንደገና መጋገር አለበት፣ ያውም ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ላይ፣ ለሁለት ሰዓት። እርጥበት እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ አር የሚል ፊደል ያለበት፣ ትንሽ ይረዝምለታል፤ እስከ 9 ሰዓት። የእኔ ምጣድ ወደዚያ አይደርስም።

ውፍረትን በተመለከተ ለቤትና ለእርሻ ሥራ 2.5 ሚሊ ዘጠና በመቶውን ይሠራል፣ ከ60 እስከ 90 አምፔር። 3.2 ሚሊው ለ5 ሚሊ ብረትና ከዚያ በላይ፣ ከ90 እስከ 130። 4 ሚሊ ለእኔ ማሽን ህልም ነው። ለ1.5 ሚሊ ቱቦላሬ እጅ ካልለመደ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይሻላል፣ ብረቱን ቶሎ አይበሳም።

የገዛሁት፦ 6013፣ 2.5 ሚሊ፣ የ2.5 ኪሎ ፓኮ አንድ። የ5 ኪሎው ነበር፣ በኪሎ ሲሰላም ይረክሳል። ግን አንዱ ኤሌክትሮድ 18 ግራም ገደማ ነው፤ 5 ኪሎ ማለት ከ270 በላይ ፍሬ ነው። እኔ በዓመት ያን ያህል አልበይድም። ርካሹን ገዝቶ ሩቡን መጣል ምን ርካሽ አለው?

ከዚያ ባለሱቁ "ለአክሰል ምናምን 7018 ያዝ፣ ብረት ነው የሚበላው" አለኝ። አጎቴ ጋሪው እንደተሰበረ ደውሎ ስለነበር ያዝኩ። 15 ፍሬ፣ ከተከፈተ ፓኮ፣ በፌስታል። የሱቁን ስም አልጠራም። ከላይ ያለውን አራት ሰዓት ምናምን ከጻፍኩ በኋላ ሄጄ ይኼን ማድረጌን እዩልኝ።

ሐምሌ 8

አጎቴ ከጣርማ በር መንገድ ገባ ብሎ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። የጋሪያቸው ሞላ መቀመጫ ከአክሰሉ ላይ ተገንጥሎ ወድቋል። አክሰሉን ፈትተው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው መጡ።

አክሰሉ ከድሮ መኪና የተወሰደ ነው። ጠንካራ ብረት ነው፤ ግራይንደሩ ሲነካው ፍንጣሪው እንደ ኮከብ ይበታተናል፣ ያ ካርቦን እንዳለው ያሳያል። ፒንሳውን ፖዘቲቭ ላይ አድርጌ በ7018 በየድኩ። ለመለኮስ አስቸገረ፤ አንዴ ከጠፋ ጫፉ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ስለሚቀር በደንብ ካላንኳኩት አይያዝም። ትንሽም ተንጣጣ። ብየዳው ግን ሲታይ ያምር ነበር። አጎቴ "እጅህ ይባረክ" ብለው፣ ዶሮ ወጥ በልተው፣ አክሰላቸውን ይዘው ሄዱ።

ሐምሌ 10

ጠዋት ስልክ።

"አንተ ልጅ፣ ያ ብረት ሌሊት ቀጭ አለ።"

"ጋሪውን ጭነውበት ነበር?"

"ምን እጭንበታለሁ! ገና አልገጠምኩትም። ጎተራው ሥር አስደግፌው ነው ያደረው። ድምፁን ሰምቼ አይጥ መስሎኝ ተነሣሁ።"

ፎቶ እንዲልኩልኝ የጎረቤታቸውን ልጅ ለመንኩ። ብየዳው ምንም አልሆነም። የተሰነጠቀው ከብየዳው ጎን ያለው አክሰሉ ራሱ ነው፤ ጸጉር የምታህል መስመር፣ ከብየዳው ጋር ጎን ለጎን የምትሄድ።

ያለ ጭነት፣ ከሁለት ሌሊት በኋላ፣ በራሱ። ይኼ የሃይድሮጅን ስንጥቅ ነው። ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ይመጣል። አንደኛ በእርጥብ ኤሌክትሮድ የገባ ሃይድሮጅን። ሁለተኛ የጠጠረ ብረት፤ ካርቦን ያለው ብረት በብየዳ ግሎ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ጎኑ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ የዚያን ቀን ደግሞ ብርዱ ይቆርጥ ነበር። ሦስተኛ ውጥረት፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ይጎትታል። ሃይድሮጅኑ ቀስ ብሎ ወደ ውጥረቱ ቦታ ይሰበሰብና በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች አስጊ ብየዳን ሠርተው እንደጨረሱ ወዲያው የማይመረምሩት፣ ሁለት ቀን ጠብቀው ነው።

በጋሪው ላይ ስድስት ኩንታልና ሁለት ልጆች ተጭነው ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ ቁርሴ አልወረደም።

እርጥብ 6013 ያየሁት ዓይን ያፈራል፤ አስቀያሚ ነው ግን ይታያል። እርጥብ 7018 ግን አምሮ ይወጣና ቆይቶ ይከዳል።

ሐምሌ 19

አክሰሉ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልሠራሁትም፣ ጋሼን ለመንኳቸው።

ስንጥቁን በግራይንደር እስከ ሥሩ ቆፍረን አወጣነው። በአዲስ ቆርቆሮ የታሸገ 7018 ተገዛ፤ ወረቀት ፓኮ በፕላስቲክ የተጠቀለለው ሳይሆን አየር የማያስገባው። ወረቀቱ ፓኮ አዲስ ቢሆንም ሱቅ ውስጥ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አይታወቅም። ከሰል አቀጣጥለን አክሰሉን ብየዳው ከሚያርፍበት ግራና ቀኝ አሞቅነው፣ መለኪያዬ 190 እስኪል። ጋሼ መለኪያውን አላመኑትም፣ ጣታቸውን በውሃ ነክረው ጠብ አደረጉበት፤ ጠብታው እየዘለለ ሲጠፋ "በቃው" አሉ። ተስማምተናል።

ቆርቆሮው የተከፈተው ብረቱ ከሞቀ በኋላ ነው። በ3.2 ሚሊ፣ በ115 አምፔር፣ እያንዳንዱን መስመር አጽድተን ሦስት ዙር። ድምፁ ሌላ ነበር፣ ለስላሳ፣ የሚንሾካሾክ። እንደጨረስን ውሃ የለም፣ ንፋስ የለም፤ ሙሉ ሣጥን ደረቅ አመድ ውስጥ ቀበርነው። በማግስቱ ጠዋት እጄን ስሰድ ገና ለብ ያለ ነበር።

አምስት ቀን አስቀምጬ፣ በናፍጣ አጥቤ፣ ኖራ ቀብቼ አየሁት። ስንጥቅ ቢኖር ናፍጣው ከውስጥ ወጥቶ ኖራውን ያቆሽሸዋል። ንጹሕ ነው። ለአጎቴ ግን "ቁልቁለት ላይ ልጆች አይጫኑ" ብያለሁ። የመኪና መሪና ፍሬን ቢያመጡልኝ ደግሞ ዛሬም አልነካም።

የተረፉትን 7 የፌስታል 7018 "ለአግዳሚ ወንበር ብቻ" ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።

ነሐሴ 4

ማስቀመጫ። ኤሌክትሮዱ 35 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 110 ሚሊ የፕላስቲክ ፍሳሽ ቱቦ 45 ሴንቲ እያደረግሁ ሦስት ቆረጥኩ። አንድ ጫፉን ክዳን በሙጫ፣ ሌላውን በጎማ ቀለበት የሚዘጋ ክዳን። ቱቦ ውስጥ ማድረግ ግን አያደርቅም፣ ደረቅ ሆኖ የገባውን ብቻ ነው የሚጠብቀው። እርጥቡን ዘግተህበት ከሆነ እርጥበቱንም አብረህ ነው ያሸግከው። ስለዚህ መጀመሪያ ምጣድ፣ ከዚያ ለብ እንዳለ ቱቦ።

ውስጡ ከአዲስ ጫማ ሣጥን የሚወጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ከታች አነጠፍኩ። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ "ጫማ ስትገዙ አትጣሉት" ብዬ ለምኜ 19 ሰበሰብኩ። ሲሊካ ከጠጣ በኋላ 120 ዲግሪ ላይ ቢሞቅ እንደገና ይሠራል፤ ከረጢቱ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ፍሬውን አውጥቶ ጨርቅ ውስጥ መቋጠር ነው። ሩዝም ሞከርኩ። ሩዝ ለወጥ ነው።

አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ አምፖል አብርቶ ማስቀመጥ የሚሉም አሉ። ይሠራል፣ አምፖሉ የድሮው የሚግለው ዓይነት ከሆነ። አሁን ገበያ ላይ የሞላው ኤልኢዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም። ፍሪጁም ዕቃ ቤቴን ይሞላዋል፤ በየወሩ ለሚበይድ ሰው ግን ደህና ነገር ነው። ለ7018 ግን ማድረቂያ እንዳይመስላችሁ፣ 120 ዲግሪ የሚይዘውን ሳጥንም አይተካም።

ቱቦዎቹን ከወለል አንሥቼ፣ ከውጭ ግድግዳ አርቄ፣ ከማዕድ ቤት ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ አጋደምኩ። በዚያ በኩል ጭስ ማውጫው ያልፋል፣ ሁሌም ሞቅ ይላል።

ነሐሴ 17

ስህተት ቁጥር ስንት እንደሆነ ረሳሁት። የውሃ ቧንቧ ፕሮጀክት ላይ የሠራ ጓደኛዬ ጥቂት ኢ6011 ሰጥቶኝ ነበር። ዝገትና ቀለም ላይ ሁሉ የሚቆፍር፣ ጭሱ ብዙ፣ ቅርፊቱ ቀጭን። ለአሮጌ የእርሻ ዕቃ የሚሆን ነው። ፈቅጄ ከሌሎቹ ጋር ምጣድ ላይ ደረደርኩት።

6011 አይጋገርም! ሽፋኑ ሴሉሎስ ነው፣ ማለትም የእንጨት ዘር፤ ትንሽ እርጥበት በውስጡ እንዲኖር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ የሚቆፍርበት ኃይልም ከዚያ ይመጣል። የእኔዎቹ ቡናማ ሆነው ወጡ። ስለኩሳቸው እሳቱ ይቅበዘበዛል፣ ይጠፋል። 12 ፍሬ ሄደ። ከዘነበበት መከላከል፣ ቀዝቃዛ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ በቃ። ለዚህ ነው ሦስቱን በሦስት ቱቦ የለያየሁት፤ 6013 ነጭ ቀለበት፣ 7018 ቀይ፣ 6011 አረንጓዴ።

መስከረም 21

መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ፈተና አደረግሁ። 6 ሚሊ ላሜራ በቲ ቅርጽ፣ በአንድ ጎን ብቻ እየበየድኩ፣ ከዚያ ሞርሳ ላይ አሥሬ በመዶሻ ወደ ብየዳው እየመታሁ መስበር። የተሰበረው ፊት ሁሉን ይናገራል።

ሆን ብዬ ዕቃ ቤት ወለል ላይ የተውኳቸው አምስት 6013፦ ፊቱ ወንፊት ነው፣ 10 ሴንቲ ላይ ከ30 በላይ ቀዳዳ ቆጥሬ ሰለቸኝ። በሰኔ ደርቀው ቱቦ ውስጥ የከረሙት፦ ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለቱም ስጀምር የተፈጠሩ። ዛሬ ከተከፈተ አዲስ ፓኮ፦ አንድ። በከረመውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት የእጄ ነው እንጂ የኤሌክትሮዱ አይመስለኝም።

ወረቀት ፓኮው ውስጥ፣ ግን መደርደሪያው ላይ የከረሙት ሦስት ደግሞ አሥር ገደማ ቀዳዳ ነበራቸው። እንግዲህ ከወለል ማንሣት ብቻውን ግማሽ መንገድ ይወስዳል፣ ለምንም ቱቦ ለማይቆርጥ ሰው።

ጥቅምት 8

አጎቴ ገብሱ ከመታጨዱ በፊት ሊጠይቁን መጡ። አክሰሉ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለም፣ ጎንበስ ብለው በየሳምንቱ ያዩታል። ቱቦዎቹን አሳየኋቸው። አንዱን ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ፣ ሲሊካውን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

"ይኼ ውስጥ ነቀዝ ይገባል?"

"አይገባም፣ ክዳኑ በጎማ ነው የሚዘጋው።"

"እርጥበትስ?"

"እሱንም አያስገባም።"

አረንጓዴ ቀለበት ያለበትን፣ 6011 አልቆበት ባዶ የሆነውን፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ለባቄላ ዘር ነው። ሲሊካውንም ጨምሬ ሰጠኋቸው። አሁን የቀረኝ ሁለት ቱቦ ነው፣ ፍሳሽ ቱቦው ግን አንድ ሜትር ያህል ተርፏል።